አራቱም ለየብቻ ደህና ነበሩ

ወንድሜን ሰው ሁሉ «እስቲ ልየው» ይለዋል። ስሙ ሌላ ነው፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተበላሸ ዕቃ ይዞ ለመጣ ሰው ከዚህ ሌላ መልስ ሰጥቶ ስለማያውቅ ዋናው ስሙ ተረሳ። «ይሠራል?» ሲሉት «እስቲ ልየው»። «ስንት ቀን ይፈጃል?» «እስቲ ልየው»። አንድ ጊዜ አንዲት ደንበኛ ተናድዳ «እርስዎ እስኪያዩት እንቁላሉ በእግሩ ይሄዳል!» ብትለው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «ይምጣና እሱንም እስቲ ልየው» አላት። ሴትየዋ ሳትወድ ሳቀች፤ ራዲዮኗንም ትታለት ሄደች።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው። የእኔ ክፍል በጓሮ በኩል ነው፤ እሱና ልጁ መንገድ ዳር ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ፤ ሱቁም ከዚያው ጋር የተያያዘ ነው። ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀን ቀን ሱቁ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ስልክ አነሳለሁ፣ የወደቀ ብሎን እለቅማለሁ። ስለዚህ የምጽፈውን አብዛኛውን በዐይኔ አይቼዋለሁ።

ሱቁ ርዝመቱ አራት እርምጃ፣ ወርዱ ሦስት እርምጃ ነው። በግራ በኩል ግድግዳውን የሸፈነ መደርደሪያ አለ። ከላይ የድሮ ራዲዮኖች፣ ከእነሱ በታች ቴሌቪዥኖች፣ ከሁሉም በታች ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፤ ዕድሜውን ከላይ ወደ ታች የደረደረው ይመስላል። የጠረጴዛው ጫፍ በብየዳ ጠቁሯል። ብሎኖቹ በየመጠናቸው ተለይተው በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ናቸው። ብልቃጦቹ ላይ የሚስቱ ስምና «በቀን ሦስት ጊዜ» የሚለው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ወረቀቱን ይላጠው ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ መናገር ግን አፈርኩ።

ሙያውን ያስተማረው አንድ ሽማግሌ የራዲዮን ጠጋኝ ነበር። ሰውዬው በወጣትነቱ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበረ ነገሩ ሁሉ ችሎት ነው። «የተበላሸ ዕቃ ክርክር ነው» ይለው ነበር። «ምስክሮቹን አንድ ላይ አትጠይቅ፤ ይመካከሩብሃል። አንድ በአንድ፣ ለየብቻ አስገባና ጠይቅ። የሚዋሸው ራሱ ይወጣል።» ወንድሜ ይህን ቃል እንደ ውርስ ያዘው። ዕቃ መፈተሽን «መጠየቅ» ነው የሚለው። አንዱ ክፍል ተፈትኖ ደህና ከሆነ «ቃሉን ሰጥቷል» ይልና በስተቀኝ ያስቀምጠዋል። ያልተጠየቀው በስተግራ ይቆያል። በዚህ አሠራር ስንቱን አዳነ፤ ይህን መካድ አልችልም።

ልጁ አንዲት ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከቤት አትወጣም ነበር። አባቷ በሠራላት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት፣ የሰው ልደት ቪዲዮ ታቀናብራለች። የሌላ ሰው ደስታ ስትቆርጥና ስትቀጥል ትውላለች። ሥራው በስልክ ይመጣል፤ በኢንተርኔት ይሄዳል። ሰው ፊት መቆም አያስፈልጋትም። መጋረጃዋ ሁልጊዜ የተዘጋ ነው፤ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል ትላለች። ቁርሷን በር ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ሻዩ ከላዩ ቆዳ አብጅቶ እዚያው አገኘዋለሁ።

«ከሰው ጋር ትዋል እንጂ እትዬ» ይለኝ ነበር ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌላ ምንም አልጠይቅም። ከሰው ጋር ትዋል።»

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከአንድ ፊልም ሠሪ ድርጅት መልእክት መጣላት። ሥራዎቿን አይተዋል። አንድ ቋሚ አቀናባሪ ይፈልጋሉ፤ ቢሯቸው ሄዶ ከሌሎች አሥር ሰዎች ጋር የሚሠራ። ለፈተና የሚሆን የስድስት ሰዓት ጥሬ ቪዲዮ ላኩ፤ ከዚያ ውስጥ የሃያ ደቂቃ ፊልም አውጥታ ከሚቀጥለው ዓርብ በኋላ ባለው ዓርብ እስከ እኩለ ቀን ድረስ እንድትልክ። ከእኩለ ቀን በኋላ አይቀበሉም። መልእክቱን ለአባቷ ያነበበችው በሩ ላይ ቆማ ነው። ሁለት ጊዜ አስነበባት።

«ማሽንሽ ይችለዋል?»

«ትንሽ ይከብደው ይሆናል። ምስሎቹ በጣም ትልልቅ ናቸው።»

«እስቲ ልየው።»

እሁድ ጠዋት ከፈተው። ውስጡን ያላየ ሰው እንዲገባው ልንገር። ሜሞሪ የሚሉት ነገር እንደ ማበጠሪያ የረዘመ ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ማሽኑ ለጊዜው የሚሠራበትን ሁሉ የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። የሚሰካበትን ቀዳዳ ወንድሜ «ቤት» ይለዋል። በልጅቷ ማሽን ውስጥ አራት ቤት አለ። ሁለቱ ሰው አላቸው፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። እሱም የራሱን ማሽን ከፈተና ሁለቱን ሜሞሪ ነቀለ። መጠናቸው ከልጅቷ ሜሞሪዎች ጋር አንድ ነው፤ ስምንት ስምንት ጊጋ። ሥሪታቸው ግን ሌላ ነው፤ የእሷ ጥቁር፣ የእሱ አረንጓዴ።

«የአንተስ?» አልኩት።

«የእኔ ምን ይሠራል? ደንበኛ ከተወው አሮጌ ማሽን ሌላ አላጣም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል?» አለና አራተኛውን ጫን አደረገው። ቀጭ አለ። እንደዚያ ቀን ፊቱ ፈክቶ ያየሁበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ማሽኑ ተነሣ። ሰኞ እስከ ምሳ ደህና ዋለች። ከምሳ በኋላ ስክሪኑ ጠፋና ራሱን በራሱ እንደ አዲስ አስነሣ። መብራት ነው ብላ ተወችው። ማክሰኞ ስክሪኑ ሦስት ጊዜ ሰማያዊ ሆነ፤ በመጨረሻው ማሽኑ ጭራሽ አልነሣ አለ፤ ማራገቢያው ብቻ ይዞራል። ነቅላ ስትሰካው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ተነሣ። እንዲህ ያለ ብልሽት ክፉ ነው፤ ጨርሶ ቢሞት ይሻል ነበር።

ወንድሜ ረቡዕና ሐሙስ ሱቅ ወስዶ ጠየቀው። አራቱን ሜሞሪ ነቅሎ አንድ በአንድ፣ ለየብቻ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሰዓት። የመፈተኛው ቁጥር ሲቆጥር አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። አንደኛው ጥቁር ንጹሕ። ሁለተኛው ጥቁር ንጹሕ። አረንጓዴዎቹም ንጹሕ። ከዚያ ቤቶቹን ራሳቸውን በአንድ ሜሞሪ በየተራ ጠየቀ፤ አራቱም ቃላቸውን ሰጡ። የማራገቢያውን አቧራ ጠረገ። ሃርድ ዲስኩንና ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ጠየቀ። ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫነ። በስተግራ ያለው የጠረጴዛ ክፍል ባዶ ሆነ። መልሶ ገጣጠመውና ዓርብ ጠዋት ተሸክሞ አስገባላት።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ምንም አልሆነም። አሁን ደህና ነው።»

እኔ አላዋቂ ነኝ፤ ግን ይህ መልስ ያን ጊዜም ቢሆን ቅር አለኝ። ምንም ያልሆነ ነገር እንዴት ይድናል?

ቅዳሜና እሁድ እንደገና ጀመረው። በየሰዓቱ ይጠፋል። እሷም በየአምስት ደቂቃው ሥራዋን ማስቀመጥ ለመደች። ሰኞ ማታ ግን ያስቀመጠችው ራሱ አልከፈት አለ። ፋይሉ ተበላሽቷል አላት። የስድስት ቀን ሥራ ነበረበት። ጮኸች እንኳ አልልም፤ እኔ ክፍሌ ሆኜ የሰማሁት ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቁ ድረስ መጣች። የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ነበር።

«አባዬ፣ ማሽኑ ታሟል።»

«ጠይቄዋለሁ። ሁሉም ቃሉን ሰጥቷል።»

«ይዋሻሉ!»

«ዕቃ አይዋሽም። በአንድ ጊዜ ስንት ነገር ነው የምትከፍቺው? ያ ፕሮግራምሽስ? ማሽኑ ደህና ነው። ችግሩ ያንቺ እጅ ነው።»

ይህን ሲላት ካቻቢቴውን አልለቀቀም፤ ቀናም አላለም። እሷ እጆቿን አየቻቸው፤ ከዚያ ሹራቧ ውስጥ ከተተቻቸውና ወጣች። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አባት ልጁ ስትወድቅ ሲያይ ይቆጣል፤ ቁጣው ደግሞ የሚያርፈው በወደቀችው ላይ ነው። በልቤ እንዲህ እያልኩ ልከላከልለት ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

ረቡዕ፣ «ምናልባት ፓወር ሰፕላዩ» ብሎ ሌላ ሊፈልግ ወጣ። ያልጠየቀው ነገር ስላልቀረ፣ አንድ ጊዜ ቃሉን የሰጠውን እንደገና ሊጠይቅ ነው። ገና ከመታጠፊያው ሳይደርስ ልጅቷ መጣች።

«አክስቴ፣ አንድ ጫፍ ያዢልኝ።»

ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላዋለች። የት እንደምንሄድ አልጠየቅኳትም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከፀጉር ቤቱ ጎን፣ ሌላ ጠጋኝ አለ፤ ሰው «ቶሎ ቶሎ» ይለዋል። ወንድሜ ስሙ ሲነሣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ከማለት ሌላ ተናግሮ አያውቅም። አንድም ቀን ደጁን ረግጠን አናውቅም።

ቶሎ ቶሎ ሲያየን አፉ ውስጥ የነበረውን ዳቦ በፍጥነት ዋጠ። «እትዬ! እርስዎ? እስቲ ልየው በሽተኛ ወደ እኔ ላከ? ዛሬ ሰማዩ ሊደፋ ነው!»

«አልላከም» አለች ልጅቷ።

ሳቁን ያዝ አደረገ። ብሎኖቹን በጣቱ እየፈተለ ማሽኑን ከፈተ፤ ብልቃጥ የለ፣ ምን የለ፣ ብሎኖቹን ሸሚዙ ኪስ ከተታቸው። ውስጡን አየ።

«ጽዳቱን ተመልከቱልኝ! እዚህ ውስጥ ቁጭ ብሎ ምሳ ይበላል እኮ። ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

ነገረችው። መጥፋቱን፣ ሰማያዊውን፣ የፋይሉን መበላሸት።

«አራቱም ቤት ሞልቷል። ከጥንትም ሙሉ ነበር?»

«አይ። ሁለቱን አባዬ ነው የጨመረልኝ። የዛሬ አሥር ቀን፣ እሁድ።»

«መጥፋቱስ መቼ ጀመረ?»

«በማግስቱ፣ ሰኞ።»

ቶሎ ቶሎ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ለመቀለድ ከንፈሩን ከፍቶ ነበር፤ ተወው። ሁለቱን አረንጓዴዎች ነቀለ። ጥቁሮቹን በሁለተኛውና በአራተኛው ቤት ሰካ። ጠቅላላው አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

«ሂጂና ሥሪ» አላት። «አይጠፋብሽም።»

እሷ ግን ማሽኑን ትታ መዳፏ ላይ ያስቀመጠላትን ሁለቱን አረንጓዴ ሰሌዳዎች ታይ ነበር።

ወንድሜ ሲመለስ እኔ ነኝ የነገርኩት። ሁለቱን ሜሞሪ በወረቀት ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ነበር። ወረቀቱን ገለጥ አደረገና መልሶ ሸፈነው። «ማን ጋ ሄዳችሁ?» አለ። ነገርኩት። አልተቆጣም። የገዛውን ፓወር ሰፕላይ ከነካርቶኑ ወንበሩ ሥር አስገባና ከምሳ በፊት ሱቁን ዘጋ።

ማሽኑ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜም አልጠፋም። ልጅቷ ከረቡዕ ቀትር እስከ ዓርብ ጠዋት የስድስት ቀን ሥራ በሁለት ቀን ሠራች። በሩን ከፍታ ነበር የምትሠራው፤ ለመዝጋት መነሣት የከበዳት ይመስለኛል። ዓርብ ከረፋዱ ላይ ጨረሰችና ፊልሙን ማውጣት ጀመረች፤ የቆረጠችው ሁሉ አንድ ላይ ተጋግሮ አንድ ፋይል እስኪሆን ማሽኑ ብቻውን ይሠራል፣ ሰው ይጠብቃል። ሜሞሪው ግን ግማሽ ነው፤ ምስሎቹ ትልልቅ ናቸው። የመቶኛው ቁጥር ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ሦስታችንም ስክሪኑ ፊት ቆምን። ወንድሜ ከኋላ ነው፤ በሩ ላይ። እኩለ ቀን ሲሆን ሰባ አንድ ላይ ነበር።

«ትንሽ ጠብቁኝ ብለሽ ጻፊላቸው» አልኳት።

ጻፈች። መልስ የለም። መቶ ሲሞላ ከእኩለ ቀን ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አልፎ ነበር። ላከችው። ሰኞ ዕለት መልሱ መጣ፤ ሥራዋን አመስግነው፣ ምርጫው ግን በተባለው ሰዓት መዘጋቱን ጽፈዋል። ሦስት መስመር ነው። ለአባቷ ሁለት ጊዜ አላነበበችለትም፤ አንድ ጊዜም አላነበበችለትም። ያነበብኩለት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ወንድሜ ሁለቱን አረንጓዴ ሜሞሪ በኪሱ ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ብቻውን እንዳይሆን ተከተልኩት፤ እሱም አልከለከለኝም።

ቶሎ ቶሎ ከመቀመጫው ተነሣ። «ጋሼ፣ ይግቡ። እዚህ ይቀመጡ፤ ቆይ ገመዱን ላንሣው።»

«እነዚህ ደህና ናቸው» አለ ወንድሜ ሰሌዳዎቹን እያወጣ። «ለየብቻ ጠይቄያቸዋለሁ። ሦስት ሦስት ሰዓት።»

«ደህና ናቸው ጋሼ።»

«የእሷም ደህና ናቸው።»

«የእሷም ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ማን ነው የዋሸኝ?»

ቶሎ ቶሎ ራሱን አከከ። «ማንም አልዋሸም። ብቻቸውን ሲሆኑ ጨዋ ናቸው፤ አብረው ሲሆኑ ነው የማይግባቡት። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር በሉት። ሁሉም የተሰካበት ማዘርቦርድ ደግሞ ሁለት ሲሸከም ይሮጣል፤ አራት ጭነው በዚያው ፍጥነት ሩጥ ሲሉት ጉልበቱ ይከዳዋል። አራቱን አንድ ላይ አድርገው ፈትነዋቸው ነበር?»

ወንድሜ ሰሌዳዎቹን መዳፉ ላይ ገለበጣቸው። ቶሎ ቶሎም ዐይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

«እንዲያውም ጋሼ፣ እኔም ጥፋት አለብኝ። ልጅቷ ቸኩላ ነበር፣ እኔም ቸኮልኩ። ነቅሎ መጣሉ ይቀላላ። ግን መንቀል አልነበረብኝም። ገና ማሽኑ ሲነሣ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው የሜሞሪውን ፍጥነት አንድ ደረጃ ዝቅ ቢያደርጉት፣ አራቱም ተቻችለው ይሠሩ ነበር። ቀስ ብለው ይሂዱ ማለት ብቻ ነው።»

«ቀስ ብለው» አለ ወንድሜ።

«አራቱ ቢኖሯት ኖሮ ዓርብ…» ቶሎ ቶሎ ነገሩን አልጨረሰውም። ልጅቷ የዘገየችው በስንት ሰዓት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ረቡዕ ማሽኑን ያለ ልጅቷ ፈቃድ አልወሰደም፤ «ልውሰደው?» ብሎ ጠየቃት፣ እሷም «ውሰደው» አለችው። አራቱን ሰክቶ አንድ ላይ ጠየቃቸው። በዘጠነኛው ደቂቃ ስክሪኑ ላይ ስህተት የሚያመለክት ቀይ መስመር ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። መነጽሩን አውልቆ እጁ ላይ ያዘው። ከዚያ አጥፍቶ አስነሣና ፍጥነቱን ዝቅ አደረገ። ቀኑን ሙሉ ዋለ፤ አንድም ቀይ አልታየም። አንድ ደንበኛ ላፕቶፕ ይዞ ገብቶ ሦስት ጊዜ ተጣራ፤ ወንድሜ አልሰማውም። እኔ ነኝ ተቀብዬ ያስቀመጥኩት።

እሁድ ከምሳ በኋላ ልጅቷ ሰሐን ታጥባለች፣ እኔ ስኒዬን ይዤ ጥግ ተቀምጫለሁ። ወንድሜ ገብቶ ከጎኗ ቆመ።

«ያን ቀን ሱቅ መጥተሽ… ያልኩሽ። ያንቺ እጅ አልነበረም።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«እኔ ነኝ። የሰጠሁሽ ነገር ነው ያበላሸው። መስጠቴን ስለወደድኩት እሱን አልጠረጠርኩም።»

ውኃውን አልዘጋችም። «አውቃለሁ» አለች ደግማ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር እመርጥ ነበር።

«አሁን አራቱም አብረው ይሠራሉ። ጠይቄያቸዋለሁ፣ አንድ ላይ። ሌላ ድርጅት ቢመጣ…»

«ነገ ሥራ እጀምራለሁ።»

ሁለታችንም ቀና አልን።

«መድኃኒት ቤት» አለች። «ከድልድዩ ወዲያ ያለው። መደርደሪያ ላይ ዕቃ እየደረደርኩ፣ ሰው ሲጠይቀኝ እያወጣሁ።»

«ቪዲዮውስ?»

«ይቆየኝ።»

«ከሰው ጋር ትውያለሽ ማለት ነው» አለ ወንድሜ።

«አዎ። ከሰው ጋር እውላለሁ።»

ያጠበችውን ሰሐን ከእጇ ተቀብሎ በፎጣ ማድረቅ ጀመረ። ሌላውንም ሰጠችው፤ አልተቀበላትም፣ ገና የመጀመሪያውን እያደረቀ ነበር። ሰሐኑ ደርቆ ካለቀም በኋላ ፎጣው ይዞር ነበር። እኔ ስኒዬን ይዤ ወደ ክፍሌ ሄድኩ፤ እዚያ የምሠራው አልነበረኝም።